የእናቴ ድምፅ ከማዶ እንዲሰማ ያደረግሁት
ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኘው ቤታችን ያስገባነው የኢንተርኔት ስልክ እናቴን ለሳምንታት አስጨንቋት ነበር፤ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ስትደውል ድምፅዋ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የእናቴ «ሃሎ፣ ልጄ!» ግን ከእህቴ ዘንድ አይደርስም። ሌላ አገልግሎት በማማረጥ ላይ ሳለሁ፣ ጥሪው ሳይቋረጥ የአንድ ወገን ድምፅ ብቻ መጥፋቱ ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለውን መሣሪያ፣ ራውተሩን፣ እንድጠረጥር አደረገኝ። ብዙ ራውተሮች «ሲፕ ኤ.ኤል.ጂ» የሚባል ቅንብር አላቸው፤ በጥሪ መልእክቱ ውስጥ ያለውን፣ ድምፁ የሚላክበትን አድራሻ እንዲያስተካክል የተሠራ ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ አድራሻውን አዛብቶ ድምፁን መድረሻ ያሳጣዋል። እሱን አጥፍቼ ራውተሩን እንደገና ሳስነሳ የእናቴ ድምፅ ለእህቴ መሰማት ጀመረ፤ እናቴም እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች።

ማታ ልጆቹ ቪዲዮ ሲከፍቱ መስመሩ ስለሚጨናነቅ ድምፁ መቆራረጡን ግን አልተወም ነበር። ስለዚህ ኮዴኩን፣ ማለትም ድምፁን በኢንተርኔት ለመላክ ወደ ዳታ የሚቀይረውን ስልት፣ ከጂ.711 ወደ ጂ.729 ቀየርሁት፤ የመጀመሪያው ለድምፁ ብቻ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት ሲወስድ ሁለተኛው 8 ይበቃዋል፣ የድምፁ ጥራት መጠነኛ መቀነሱም ለቤተሰብ ጨዋታ አያስቸግርም። አገልግሎት የምትመርጡ ሁሉ ከዋጋው አስቀድማችሁ ኮዴክ ለመቀየር የሚፈቅድ መሆኑን ጠይቁ። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ከራውተሩ ጋር አብሮ ስለሚጠፋ፣ ለሁለቱም የሚበቃ ዩ.ፒ.ኤስ. (መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) አስገብቻለሁ።