የጅማን የጎርፍ ስጋት በድሮን ሌዘር ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሌዘር የጫነ ድሮን የአንድን ሰፈር ከፍታ በአንድ ጠዋት በሴንቲ ሜትር ደረጃ ይለካል፤ ካርታው ስላማረ ግን ጎርፉ በካርታው መንገድ ይሄዳል ማለት አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከባድ ስህተት ከመንገድ ሥር የሚያልፉ ቱቦዎችን መዘንጋት ነው። ሌዘሩ ከላይ የሚያየው አስፋልቱን ብቻ ስለሆነ፣ ከተማዋን በሚያቋርጠው በአዌቱ ወንዝና በገባሮቹ ላይ ያለ እያንዳንዱ መሻገሪያ፣ የውሃውን አካሄድ በኮምፒውተር በሚያሰላው ሞዴል ውስጥ ግድብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከመንገዱ በላይ ያለው ሰፈር በሌለ ሐይቅ ይዋጣል፣ ከመንገዱ በታች ያለው ደግሞ ያለ አግባብ ደረቅ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የየቱቦውን ስፋትና የወለሉን ከፍታ በእግር እየዞሩ ለክቶ ማስገባት ግድ ነው። የሚለካውም ክፍት የቀረው ነው፤ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ግማሹ በደለል፣ ቀሪው በፕላስቲክ ጠርሙስና በጫት ገረባ ከተደፈነ በንድፉ ላይ የሰፈረው ቁጥር አይረባም። ጫማ ማበላሸቱ አይቀርም፤ ቢሮ ተቀምጦ የሚገኝ መረጃ ግን አይደለም።

ሁለተኛው በክረምት መብረር ነው። የተለመደው የድሮን ሌዘር ውሃ ውስጥ ስለማይዘልቅ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የሞላ ወንዝ ወለሉ እንደሌለ ይቆጠራል። ውሃው በሚጎድልበት በበጋም ቢሆን የወንዙን ወለል በሜትር መለካት ያስፈልጋል። ጅማ በበጋም አረንጓዴ ናትና ማንጎው፣ አቮካዶውና እንሰቱ ሌላ ችግር ያመጣሉ፦ ጨረሩ በቅጠሎቹ መካከል አልፎ መሬት ካልነካ፣ ሶፍትዌሩ ቅጠሉን መሬት ብሎ ይመዘግባል። ማረጋገጫ ነጥቦችን (የካርታውን ከፍታ ለመፈተሽ መሬት ላይ የሚለኩ ቦታዎችን) በአስፋልት ላይ ብቻ የሚተክል ቡድን ይህን አያይም፤ በእኔ እይታ እንዲህ ያለው የትክክለኛነት ሪፖርት ራስን ማሞገስ ነው።

የሴሉን፣ ማለትም የከፍታ ካርታው የተከፋፈለበትን የእያንዳንዱን ትንሽ ካሬ፣ መጠን ማስፋትም አይገባም፤ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ በ2 ሜትር ሴል ውስጥ ይጠፋል።

በመጨረሻም፣ የከተማውን ወሰን የጎርፉ ወሰን አድርጎ መውሰድ ያሳስታል። ከጅሬን በኩል ከዳገቱ የሚወርደውን ውሃ ለማካተት 30 ሜትር ጥራት ያለው የሳተላይት ከፍታ ሊበቃ ይችላል፤ ሆኖም ድሮኑ በጂፒኤስ የሚመዘግበው ከፍታና ከባሕር ወለል የሚቆጠረው ከፍታ ሳይጣጣሙ ከተቀላቀሉ፣ በመገናኛቸው ላይ የሌለ እርከን ይፈጠራል። የከተማዋ ውሃ የሚወርድበት የቦዬ ረግረጋማ ስፍራም ሁልጊዜ ውሃ ተቀባይ ተደርጎ ሊታሰብ አይገባውም፤ ሲሞላ ውሃውን ወደ ኋላ ስለሚያቆም፣ የሞዴሉ የታችኛው ጫፍ በቦዬ የውሃ ከፍታ መወሰን አለበት።