ክላስተሩ የራሱን ሰርቨር ሲገድል፦ የፌንሲንግ ችግር እንዴት ይፈለጋል?

ዳታቤዙ እንዳይቋረጥ ብላችሁ ሁለት ሰርቨር በክላስተር፣ ማለትም አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሥራውን እንዲረከብ፣ አያያዛችሁ። አሁን ግን አንዱ ማንም ሳይነካው ድርግም ብሎ ይጠፋና እንደገና ይነሳል። ብዙ ጊዜ ገዳዩ ጓደኛው ነው። መልስ የማይሰጠውን ሰርቨር እንዲህ በግድ ማጥፋት ፌንሲንግ ይባላል፤ ክላስተሩን በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር በፔስሜከር ላይ ደግሞ ስቶኒዝ በሚለው ስም ታገኙታላችሁ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ስቶኒዝን ማጥፋት ነው። አታድርጉት! ሁለቱ ሰርቨሮች መተያየት ሲያቅታቸው እያንዳንዱ «ሌላው ሞቷል፣ ሥራው የእኔ ነው» ይላል። ከዚያ ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ እኩል መጻፍ ይጀምራሉ፣ ዳታውም አለቀለት። ፌንሲንግ አንዱን አጥፍቶ ይህን ያስቀራል። ስለዚህ ጥያቄው «እንዴት ላስቁመው» ሳይሆን «ለምን ተኮሰ» ነው።

መጀመሪያ ሎጉን (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) አንብቡ፤ የተረፈውን ሰርቨር ሎግ ማለቴ ነው። የሞተው ኃይሉ በድንገት ስለተቋረጠ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ዲስክ ላይ ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል። የኮሮሲንክን (ሰርቨሮቹን እርስ በርስ የሚያነጋግረውን ሶፍትዌር) እና የፔስሜከርን ሎግ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ በፒሲኤስ ትእዛዝ የስቶኒዝ ሂስትሪውን አውጡ። ማን ማንን፣ መቼ እንዳጠፋ፣ ተሳክቶለት እንደሆነም ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ ሰዓት ያምታታል። ጥበቃው «መብራት የሄደው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው» ካላችሁ ሎጉ ላይ 14:00 ፈልጉ፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ከተሞላ ደግሞ 11:00። የሁለቱ ሰርቨሮች ሰዓት እርስ በርስ ካልተስማማ የቱ ቀድሞ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም፤ ሰዓት የሚያስተካክለው ፕሮግራም ክሮኒ መሥራቱን አረጋግጡ።

ቀጥሎ ግንኙነቱ ለምን እንደተቋረጠ ፈልጉ። አዲሶቹ የኮሮሲንክ ስሪቶች ባልተቀየረ ሴቲንግ ከሌላው ኖድ (የክላስተሩ አባል ሰርቨር) ድምፅ ሳይሰሙ የሚታገሡት 3 ሰከንድ ገደማ ነው። ድሬዳዋ ላይ እኔ መጀመሪያ የማየው ስዊቹን፣ ሰርቨሮቹን በኬብል የሚያገናኘውን የኔትወርክ ሳጥን ነው። ሰርቨሮቹ ዩፒኤስ ላይ ናቸው፣ ስዊቹ ግን ግድግዳው ላይ ባለው ተራ ማከፋፈያ ተሰክቶ ቻርጀርና ቬንትሌተር አብረውት ተደርድረዋል። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ስዊቹ ይጠፋል፣ ተነስቶ ሥራ እስኪጀምርም 3 ሰከንድ አይበቃውም። ሰርቨሮቹ ሁለቱም በሕይወት አሉ፣ ግን አይተያዩም። መፍትሔው ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ መሰካት ነው፤ ከተቻለ ደግሞ ሁለቱን ሰርቨሮች በሌላ ኬብል በቀጥታ አገናኝታችሁ ለኮሮሲንክ ሁለተኛ መስመር ስጡት።

ስዊቹ ንጹሕ ከሆነ ፋየርዎሉን እዩ፤ ኮሮሲንክ ባልተቀየረ ሴቲንግ የሚጠቀመው ዩዲፒ ፖርት 5405 ነው። ከዚያ ጭነት። ባክአፕ ሲሠራ ወይም ቨርችዋል ማሽኑ ለቅጽበት ሲቆም ኖዱ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። የመታገሻ ጊዜውን መጨመር የሚያዋጣው ያኔ ነው፣ ግን የተበላሸ ኬብል መሸፈኛ አታድርጉት። የክፍሉንም ሙቀት አትርሱ። ኤሲው ከጀነሬተሩ ጋር ካልተገናኘ የድሬ ከሰዓት ምሕረት የለውም።

አሁን ራሱን የማጥፊያውን መሣሪያ ፈትኑ። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው ሰርቨሩ ውስጥ ያለውን፣ ከሩቅ የሚያበራና የሚያጠፋውን የአይፒኤምአይ ካርድ ነው፣ የኤችፒ አይሎ ይሁን የዴል አይድራክ። ከአንዱ ኖድ ሆናችሁ የሌላውን ካርድ «በርተሃል ወይ?» ብላችሁ ካርዱን በሚያዝዘው ፕሮግራም፣ በፌንስ ኤጀንቱ ጠይቁ። መልስ ከሌለ የይለፍ ቃሉን፣ ላንፕላስ (የአይፒኤምአይ 2.0 መገናኛ) መከፈቱንና ዩዲፒ ፖርት 623ን ተመልከቱ። ከመለሰ በእውነት አጥፉት። ሥራ በማይበዛበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ሙቀቱ በርትቶ ሱቁም ቢሮውም ቀትር ላይ ጋብ ሲል፣ ለባለቤቶቹ ተናግራችሁ ሞክሩት።

ይህ ካርድ አንድ ትልቅ ድክመት አለው፤ ኃይል የሚያገኘው ከራሱ ከሰርቨሩ ነው። የሰርቨሩ ኃይል ጭራሽ ከሄደ ካርዱም አብሮ ይሞታል። የተረፈው ኖድ «አጥፋ» ይላል፣ መላሽ የለም፣ ደግሞ ይላል። ስታተሱ ላይ «አንክሊን» (መጥፋቱ ያልተረጋገጠ) የሚል ይወጣና የዚያ ኖድ ሥራ ወደተረፈው ሳይዛወር ይቆማል። ያኔ ክፍሉ ድረስ ሄዳችሁ ሰርቨሩ መጥፋቱን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ የኃይል ገመዱንም ነቅላችሁ፣ ከዚያ ብቻ «ስቶኒዝ ኮንፈርም» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ፤ «መጥፋቱን አረጋግጫለሁ» ማለት ነው። ቤት ተቀምጦ በግምት መሐላ እንዳይሆንባችሁ፤ ሰርቨሩ በርቶ ከተገኘ ዳታውን ያበላሻችሁት እናንተ ናችሁ። ለዘለቄታው ሁለተኛ ደረጃ ፌንሲንግ ጨምሩ፤ በኔትወርክ የሚታዘዝ የኃይል ማከፋፈያ፣ ወይም ኤስቢዲ ከዋችዶግ ጋር፣ ማለትም የተሰናከለው ሰርቨር ራሱን በራሱ ዳግም የሚያስነሳበት ዘዴ።

ሁለቱ እኩል ከተኳኮሱ ለአንዱ መዘግየት ስጡ። ፒሲኤምኬ ዲሌይ ቤዝ የሚባለውን ሴቲንግ እንዲተርፍ የምትፈልጉትን ኖድ በሚያጠፋው መሣሪያ ላይ ነው የምታስቀምጡት፤ ብዙ ሰው ገልብጦ ያስገባዋል። የሞተው ተነስቶ ደግሞ ገዳዩን መልሶ የሚገድል ከሆነ፣ ዌይት ፎር ኦል የሚባለው ሴቲንግ መከፈቱን እዩ፤ ሁለቱ ካልተያዩ ሥራ እንዳይጀምር ያደርጋል።

ማጥፋቱ ሠርቶ ግን ከዘገየ፣ ሲስተሙ የኃይል ቁልፍ ሲነካ ቀስ ብሎ ሻትዳውን እያደረገ ሊሆን ይችላል። የኃይል ቁልፉን የሚከታተለው ሎግኢንዲ ቁልፉን ችላ እንዲል አድርጉት።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ፈትኑ። ኔትወርኩን በትእዛዝ ከማውረድ ኬብሉን በእጅ መንቀል ይሻላል፤ ኮሮሲንክ በትእዛዝ ሲወርድበት የሚያሳየው ጠባይ ከእውነተኛው ብልሽት ይለያል፣ በተለይ አሮጌዎቹ ስሪቶች ላይ።