ትንንሽ ልጆች በካምፕ ጉዞ ላይ ደስ ብሏቸው እንዲውሉና እንዲያድሩ እንዴት ማድረግ ይቻላል?

ትንንሽ ልጆችን ይዞ በድንኳን ለማደር የሚያስብ ወላጅ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጨነቀው ልጆቹን ምን እያጫወተ እንደሚያውል ነው። በዚህም የተነሳ ሻንጣው በመጫወቻ ዕቃ ይጨናነቃል፤ ለእያንዳንዱ ሰዓትም ዕቅድ ይወጣለታል። ይሁን እንጂ ከ2 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ በካምፕ ሲነጫነጭ ብዙውን ጊዜ ደክሞታል፣ ርቦታል፣ በርዶታል ወይም ቦታው እንግዳ ሆኖበት ፈርቷል። እነዚህ ነገሮች በጊዜ ከተስተካከሉና ልጁ በእጁ የሚሠራው እውነተኛ ሥራ ካገኘ፣ ጨዋታውን ከአፈር፣ ከድንጋይና ከጭራሮ ራሱ ይፈጥረዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት ይህንኑ በማሰብ ነው።

ደረጃ 1፦ ከጉዞው በፊት አንድ ሌሊት ይለማመዱ

ድንኳኑን በግቢ ውስጥ፣ ግቢ ከሌለና ድንኳኑ ያለ ካስማ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ይትከሉትና ከልጆቹ ጋር አብረው ይደሩበት። ልጁ የዚፑን ድምፅ፣ የሸራውን ሽታና የመኝታ ከረጢቱን ጥበት በሚያውቀው ቤት ውስጥ ከተላመደው፣ ጫካ ውስጥ ሲደርስ የሚያስፈራው ነገር በእጅጉ ይቀንሳል። ወላጁም በበኩሉ የጎደለ ካስማ ወይም የተሰበረ ዘንግ መኖሩን የሚያውቀው ጨለማ ከወረደ በኋላ ሳይሆን በቤቱ እያለ ይሆናል።

ለእያንዳንዱ ልጅ ራሱ የሚሸከመው ትንሽ ቦርሳ ይስጡት። በውስጡም ይዞት የሚተኛው አሻንጉሊት ወይም ጨርቅ፣ የራሱ የእጅ ባትሪ፣ ፊሽካና ያገኘውን ነገር የሚሰበስብበት ባዶ ዕቃ ይኑር። ከእነዚህ ሁሉ ለልጅ ትልቁን ደስታ የሚሰጠው የእጅ ባትሪው ነው፤ እያበራ እያጠፋ ስለሚጨርሰው መለዋወጫ ድንጋይ በብዛት መያዝ ይገባል። ሌላውን የመጫወቻ ዕቃ ግን አብዛኛውን ቤት ቢተዉት ይሻላል።

ደረጃ 2፦ ቦታውንና ሰዓቱን በልጆቹ አቅም ይምረጡ

የመጀመሪያው ጉዞ ለአንድ ሌሊት ብቻ፣ ነገሩ ካልሆነም በሌሊት እንኳ ወደ ቤት ለመመለስ በማያስቸግር ርቀት ላይ ቢሆን ይመረጣል። ድንኳን የሚተከልበት ቦታ ለመጸዳጃ ቤትና ለንጹሕ ውኃ የቀረበ፣ ከመኪና መንገድ፣ ከገደልና ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ዳርቻ ግን የራቀ መሆን አለበት። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ እንኳ ሊሰምጥ ይችላል፤ ሲሰምጥም አብዛኛውን ጊዜ አይጮኽም፣ አይንፈራገጥም። ስለዚህ ውኃ ካለበት አካባቢ ሲደርሱ ሌላ ሥራ የሌለው አንድ አዋቂ በእጁ ሊደርስባቸው በሚችልበት ርቀት ሆኖ ልጆቹን ብቻ መጠበቅ ይኖርበታል። ሁሉም ሰው የሚጠብቅ በሚመስልበት ጊዜ ማንም የማይጠብቅ ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ ብዙ ስለሆነ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ በስም መነገር አለበት።

ፀሐይ ከመጥለቋ ቢያንስ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ተገቢ ነው። በጨለማ የሚተከል ድንኳን፣ ያልበሰለ እራትና የደከመ ልጅ በአንድነት ሲገናኙ ምሽቱን ማዳን ከባድ ይሆናል።

ደረጃ 3፦ ልብሱን በትርፍ ይያዙ

በካምፕ ላይ ልጅ ይረጥባል፤ ይህንን ለመከልከል ከመታገል ደረቅ ቅያሪ በብዛት መያዝ ይቀላል። ስስ ልብሶችን ደራርቦ ማልበስ ከአንድ ወፍራም ልብስ የተሻለ ነው፤ እንደ አየሩ ሁኔታ አንዱን ማውለቅ ወይም መጨመር ይቻላልና። ጥጥ ሲረጥብ ቶሎ ስለማይደርቅና ሙቀት ስለማይዝ ለሌሊት ሱፍ ይመረጣል። ካልሲ ከሚገመተው እጥፍ ያስፈልጋል። ለፀሐይ ባርኔጣና የፀሐይ መከላከያ መጠኑ (ኤስፒኤፍ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቅባት ይያዙ፤ ቅባቱንም በየ2 ሰዓቱ ይደግሙታል። የነፍሳት መከላከያ ሲቀቡ መጀመሪያ በራስዎ እጅ ላይ አድርገው ከዚያ ልጁን ይቀቡት እንጂ መዳፉን አይቀቡት፤ ወደ አፉና ወደ ዓይኑ ይወስደዋልና። ከሎሚ ባሕር ዛፍ ዘይት የሚሠራው መከላከያ ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት አይመከርም።

ደረጃ 4፦ እንደ ደረሳችሁ ድንበር ያሳዩ፣ ሥራም ይስጡ

ከመኪናው እንደ ወረዳችሁ፣ ገና ዕቃ ሳይራገፍ፣ የልጆቹን እጅ ይዛችሁ የሠፈሩን ዙሪያ አንድ ጊዜ በእግር ዙሩ። «እስከዚህ ትልቅ ድንጋይ ድረስ፤ በዚያ በኩል ደግሞ እስከ ጥዱ ድረስ» ብሎ በዓይን በሚታይ ምልክት ድንበሩን ማሳየት ያስፈልጋል። ለትንሽ ልጅ «ሩቅ አትሂድ» የሚለው ቃል ትርጉም የለውም፤ እርሱ የቆመበት ቦታ ሁልጊዜ ቅርብ ነው። ዛፎቹ ላይ ደማቅ ቀለም ያለው ጨርቅ ቢያስሩበት ደግሞ ልጁ ድንበሩን ራሱ ያስታውሰዋል። በዚሁ አጋጣሚ ቢጠፋ ምን እንደሚያደርግ ይንገሩት፦ ባለበት ይቁም፣ በአቅራቢያው ያለውን ዛፍ ይያዝ፣ ፊሽካውን 3 ጊዜ ይንፋ፣ እስኪመጡለትም ከዚያ አይንቀሳቀስ። ይህንን አንድ ጊዜ እንደ ጨዋታ አድርጎ መለማመድ ልጁን አያስፈራውም፤ እንዲያውም ይወደዋል። በየጠዋቱ የልጁን ፎቶ በስልክ ማንሳትም ይጠቅማል፤ የጠፋን ልጅ ለሚፈልግ ሰው የዕለቱን ልብስ በትክክል ማሳየት ይቻላልና።

ከዚያ ወደ ሥራው ይገባል። ብዙ ወላጆች «እስክንጨርስ ድረስ እዚያ ተቀመጡ» የሚሉት በዚህ ሰዓት ነው፤ ልጆች የሚያስቸግሩትም በዚሁ ሰዓት ነው። በእኔ እምነት ከጉዞው ሁሉ ዋጋ ያለው ለልጅ ሥራ የሚሰጥበት ይህ ጊዜ ነው። የ3 ዓመት ልጅ ካስማዎቹን በሁለት እጁ ታቅፎ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየተከተለ አንድ በአንድ ማቀበል ይችላል፤ አራተኛው ማዕዘን ላይ ሲደርስ እጁን ገና ሳይጠየቅ ይዘረጋል። የ5 ዓመቱ ደግሞ ገመድ ይወጥራል፣ ፍራሽ ይነፋል፣ ድንኳን የሚተከልበትን መሬት ከጠጠርና ከእሾህ ያጸዳል። ሥራው እውነተኛ መሆን አለበት፤ ልጅ ለማስመሰል የተሰጠውን ሥራ ወዲያውኑ ይለየዋል። ድንኳኑ ለመቆም ሁለት እጥፍ ጊዜ መውሰዱ አይቀርም፤ ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈለገበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ደረጃ 5፦ ለቀኑ አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ያቅዱ

አንድ አጭር የእግር ጉዞ ወይም አንድ የውኃ ዳር ቆይታ ለአንድ ቀን ይበቃል። ቀሪው ሰዓት ባዶ ይሁን። በእግር ጉዞው ላይም መድረሻውን ግብ ማድረግ አይገባም፤ የ4 ዓመት ልጅ 200 ሜትር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ አንድ ነገር ሲመለከት ነበር ማለት ነው። አዋቂው መቸኮሉን ከተወ ልጁ ራሱ መሪ ይሆናል።

ልጆቹ የሚያደርጉት ነገር ሲያጡ የሚከተሉትን መሞከር ይቻላል። ከሁሉ በላይ የምመርጠው የጉንዳን መንገድ መከታተልን ነው። ትንሽ ፍርፋሪ መሬት ላይ አስቀምጦ በዝምታ መጠበቅ ነው። አንዲቱ ጉንዳን ስታገኘው ወደ ጎጆዋ ስትመለስ በመሬቱ ላይ የሽታ ምልክት እየተወች ትሄዳለች፤ ሌሎቹም ያንን ተከትለው ይመጣሉ። ሰልፉ ከተሠራ በኋላ ልጁ በሰልፉ መካከል መሬቱን በጭራሮ ቢጠርገው ጉንዳኖቹ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ግራ ተጋብተው ወዲያና ወዲህ ሲሉ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም መንገዱን መልሰው ሲያገኙት ያያል። ለሌላ ነገር አምስት ደቂቃ የማይታገሥ ልጅ ለዚህ ረጅም ጊዜ በርከክ ብሎ ይቆያል። የሚናከስ ዝርያ አለመሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሌላው ጥላን መከታተል ነው። ጠዋት አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ገላጣ ቦታ ላይ ይትከሉና የጥላው ጫፍ ባለበት ላይ ልጁ ድንጋይ ያስቀምጥ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ጥላው ድንጋዩን ትቶ ሄዷል። ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ አንድ አንድ ድንጋይ እየጨመረ ከዋለ፣ ጥላው ወደ እኩለ ቀን ሲያጥር ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሲረዝም ያያል፤ «ምሳ መቼ ነው?» ብሎ ሲጠይቅም ወደ እንጨቱ መላክ ይቻላል።

ከዚህም በተጨማሪ ዓይን ጨፍኖ አዲስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጣት ማንሳት፣ የተለያየ አረንጓዴ ቀለም ያላቸውን የወደቁ ቅጠሎች ፈልጎ ከፈካ ወደ ጠቆረ መደርደር፣ ለጉንዳንና ለጥንዚዛ የሚሆን ቤት ከጠጠር መሥራት፣ ድስትና ማንኪያ ይዞ ጭቃ «ማብሰል» ሁሉም ገንዘብ የማይጠይቁ ጨዋታዎች ናቸው። ድብብቆሽ ግን በማያውቁት ጫካ ውስጥ መጫወት የለባቸውም፤ ልጁን እንዲደበቅና ሲጠሩት ዝም እንዲል ማስተማር ከላይ የተለማመደውን ያፈርስበታል።

ደረጃ 6፦ ቶሎ ቶሎ ያብሉ

ካምፕ አዲስ ምግብ የሚሞከርበት ቦታ አይደለም። ልጁ ቤት የለመደውን፣ ሲሆን በከፊል ተዘጋጅቶ የመጣ ምግብ፣ በዋና ዋና ሰዓቶች መካከል ደግሞ ቀለል ያለ መክሰስ ይስጡት። ውኃ እስኪጠይቅ አይጠብቁ። ከ4 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሙሉ ለውዝ፣ ደረቅ ከረሜላና ያልተቆረጠ ወይን ሊያንቃቸው ስለሚችል አይሰጣቸውም፤ ማንኛውም ልጅ ቢሆን እየሮጠ መብላት የለበትም።

ደረጃ 7፦ እሳቱን በሥርዓት ይያዙ

እሳት ከመለኮሱ በፊት በዙሪያው ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ የድንጋይ ወይም የገመድ ክብ ይሠራና ልጆች ያንን እንደማያልፉ ይነገራቸዋል፤ ክቡን ራሳቸው ቢሠሩት ይበልጥ ያከብሩታል። ጭራሮ መሰብሰብና በውፍረቱ መለየት የእነርሱ ሥራ ነው፤ ወደ እሳቱ መጨመር ግን የአዋቂ ብቻ ነው። ወላጆች ብዙ ጊዜ የማያስቡት አደጋ የሚመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ነበልባሉ ከጠፋ ከብዙ ሰዓት በኋላም ከአመዱ ሥር ያለው ረመጥ ያቃጥላል፤ በባዶ እግሩ ከድንኳን የወጣ ልጅም ግራጫ አመድ እንጂ እሳት አያይም። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት እሳቱን በውኃ አርሳችሁ፣ በእንጨት አማስላችሁ፣ እንደገና አርሱት። አፈር ብቻ ማልበስ ሙቀቱን ደብቆ ያቆየዋል። ልጅ ከተቃጠለ ቦታውን ለ20 ደቂቃ ያህል በቀዝቃዛ ንጹሕ ወራጅ ውኃ ማቀዝቀዝ እንጂ በረዶም ሆነ የጥርስ ሳሙና ማድረግ አይገባም፤ ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ ወደ ሕክምና ይወሰዳል።

ብርድ ቢበረታም የከሰል እሳት ወይም ምድጃ ወደ ድንኳን ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።

ደረጃ 8፦ ሌሊቱን አስቀድመው ያዘጋጁ

ከ3 እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የቀን እንቅልፉን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለው ደግሞ ከ11 እስከ 14 ሰዓት። ካምፕ ላይ ይህ ሲጓደል ዋጋው የሚከፈለው በማግስቱ ነው፤ ስለዚህ የቀን እንቅልፍ እንዳይዘለል። ማታም የቤቱ ሥርዓት በቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፦ መታጠብ፣ ጥርስ መፋቅ፣ ሽንት ቤት፣ ተረት፣ መኝታ። ቦታው ቢለወጥም ቅደም ተከተሉ ካልተለወጠ ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ቀን የለበሰው ልብስ በላቡ ስለሚቀዘቅዝ ለመኝታ ደረቅ ልብስና ካልሲ ይቀየርለት፤ ከሥሩም በቂ ንጣፍ ይኑረው፣ ቅዝቃዜው በይበልጥ የሚገባው ከመሬት ነውና።

ጨለማን የሚፈራ ልጅ «አትፍራ» በመባል አይረጋጋም። ባትሪውን ከአሻንጉሊት ጀርባ ይዞ በድንኳኑ ግድግዳ ላይ ጥላ እንዲሠራ ያድርጉት፤ ባትሪውን ሲያቀርብ ጥላው እንደሚገዝፍ፣ ሲያርቀው እንደሚያንስ ራሱ ሲያገኘው ግድግዳው ላይ የሚንቀሳቀሰውን ጥላ የሚያዝበት እርሱ ይሆናል። የሚሰማውንም ድምፅ ሁሉ በስሙ ይንገሩት፦ ይህ እንቁራሪት ነው፣ ያ ደግሞ ሸራውን የሚመታው ነፋስ ነው። ሰማዩ ጥርት ካለ ባትሪዎቹን ሁሉ አጥፍቶ ውጪ መቀመጥ ነው። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ስለሚፈልግ ከዋክብቱ ቀስ በቀስ ይበዛሉ፤ አንድ ባትሪ መብራት ካለበት በቀይ ጨርቅ መሸፈን ይበቃል። ሌሊት ለሽንት መውጣት ለሁሉም አስቸጋሪ ስለሆነ ለትንንሾቹ ክዳን ያለው ፖፖ ድንኳኑ በር ላይ ማስቀመጥ ብዙ ለቅሶ ያስቀራል።

ደረጃ 9፦ ለዝናብ ተዘጋጅተው ይሂዱ

ተራ ዝናብ የልጅ ጠላት አይደለም፤ ቦቲ ጫማና የዝናብ ልብስ ካለ ኩሬ መርገጥ ራሱ ጨዋታ ነው። ከድንኳኑ ውጪ አንድ ትልቅ ሸራ ከፍ አድርጎ መወጠር ልጆቹ ሳይታፈኑ የሚቀመጡበት ቦታ ይሰጣቸዋል፤ የመጫወቻ ካርታ፣ ወረቀትና እርሳስ፣ እንቆቅልሽና ተረት የሚያስፈልጉትም ለዚህ ሰዓት ነው። መብረቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብልጭታው ከታየ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንዶችን መቁጠር ነው፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ድንኳን ስለማይከላከል ሁሉም ወደ መኪና ወይም ወደ ሕንፃ ይግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይጠብቁ። ልጆቹ ቆጠራውን አብረው ቢቆጥሩ ፍርሃታቸው ይቀላል።

ደረጃ 10፦ ሲነሡም አብረው ይነሡ

ማፍረሱ ከመትከሉ ቀለል ስለሚል ልጆች የሚሳተፉበት ብዙ ነው። ካስማዎቹን ቆጥረው ወደ ከረጢታቸው ይመልሱ፤ ጎንበስ ብለው መሬቱን እየፈተሹ የወደቀ ላስቲክና ቆሻሻ ይልቀሙ፤ እነርሱ ለመሬት ስለሚቀርቡ አዋቂ የማያየውን ያገኛሉ። የሰበሰቧቸውን ድንጋዮችና ላባዎች በመጡበት ትተው አንድ ብቻ መርጠው እንዲወስዱ ማድረግ፣ አካባቢው እንዲያ ማድረግን የሚከለክል ከሆነም በፎቶ ማስቀረት ይቻላል። ድንኳኑ በጤዛ ረጥቦ ከተጠቀለለ ቶሎ ስለሚሻግት ቤት እንደ ደረሳችሁ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ እስኪደርቅ ድረስም ልጆቹ ይጫወቱበት።