ክሪስፐርን በደብተር ወረቀትና በመቀስ መረዳት

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሀዋሳ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑም ቻርጅ ጨርሶ የጎረቤታችንን ልጅ ባዮሎጂ ላስጠናት ቁጭ ብያለሁ፣ ክሪስፐር (ዲኤንኤን የተመረጠ ቦታ ላይ ቆርጦ ጂን መቀየሪያ ዘዴ) ምን እንደሆነ በቃሏ ሸምድዳዋለች ግን እንዴት ነው የሚሰራው ስላት ዝም። በወረቀት ሰራነው፣ እናንተም ሞክሩት፣ መቀስና ፕላስተር ካላችሁ በቃ።

ከደብተር ቀጭን ወረቀት ቅደዱና ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ እያደባለቃችሁ 20 ፊደል ጻፉ፣ ይሄ ዲኤንኤ ነው (የሰው 3 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አለው)። ቀጥሎ የፈለጋችሁትን አንድ ፊደል፣ ከዛ ጂጂ። ይቺን ጂጂ እንዳትረሷት፣ ካስ9 የሚባለው ቆራጭ ፕሮቲን (በኛ ጨዋታ መቀሱ) እሷ ከሌለች አይቆርጥም።

ሌላ ወረቀት ላይ ያንኑ 20 ፊደል ገልብጡ፣ ቲ ያለበትን ግን ዩ አድርጉት። ይሄ መሪው አርኤንኤ ነው፣ መቀሱን ቦታው ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነው። መቀሱን ሳትነኩ ይቺን ወረቀት ብቻ ቀይራችሁ ሌላ ቦታ ማስቆረጥ ትችላላችሁ፣ ሳይንቲስቶቹ ዳውድናና ሻርፐንቲዬ እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳዩት ይሄን ነው፣ ኖቤሉ በ2020 መጣ። "20 ፊደል ይበቃል እንዴ?" አለችኝ፣ 4ን ሀያ ጊዜ ደጋግማችሁ ብታባዙት ከ1 ትሪሊዮን ያልፋል፣ ስለዚህ በአጋጣሚ ሌላ ቦታ የመድገም ዕድሉ ትንሽ ነው። አንድ ሁለት ፊደል ብቻ የሚለይ ቦታ ካለ ግን ተሳስቶ እሱንም ሊቆርጥ ይችላል፣ ዋናው ራስ ምታት ይሄ ነው።

አሁን ከ17ኛው ፊደል በኋላ ቁረጡ። የመቀሱ ስራ እዚህ አለቀ!! ብዙ ሰው መቀሱ የሚያስተካክል ይመስለዋል፣ የሚጠግነው ግን ሴሉ ራሱ ነው፣ ሲጣደፍ ደግሞ ፊደል ይጥላል። ሴል ሶስት ሶስት ፊደል እያደረገ ነው የሚያነበው፣ እስኪ "አበበ በሶን ለጫላ ሰጠው" ብላችሁ ጻፉና አንድ በ አውጥታችሁ በፕላስተር ግጠሙት፦ አበበ ሶንለ ጫላሰ ጠው። ልጅቷ እዚህ ጋ በሳቅ ሞተች። ጂኑ ተበላሸ ማለት ነው። ትክክለኛ ቅጂ አብራችሁ ከሰጣችሁት አንዳንዴ እሱን አይቶ ይጠግናል፣ ግን ከማበላሸት በጣም ይከብዳል።

ማበላሸት ምን ይሰራል ካላችሁ፣ ሲክል ሴል ለሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ እ.ኤ.አ. በ2023 እንግሊዝና አሜሪካ የፈቀዱት ካስጌቪ የሚባል ሕክምና የተሳሳተችውን ፊደል አይነካትም፣ የጽንስ ጊዜውን ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ፕሮቲን) አፍኖ የያዘውን ፍሬን ነው የሚሰብረው፣ እሱም የተበላሸውን ይተካል። አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ እሱን ተዉት።

ወደኛ ስንመጣ ባክቴሪያ የሚያመጣው የእንሰት አጠውልግ የሚባል በሽታ አለ፣ ልጅቷም የአያቷ ጓሮ ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ አይታዋለች። ያው ባክቴሪያ ሙዝንም ያጠቃል፣ ናይሮቢ ያሉ ተመራማሪዎች የሙዙን መከላከያ የሚያፍነውን ዲኤምአር6 የሚባል ጂን ልክ እንደ አበበ ሲያበላሹት ሙዙ በሽታውን መቋቋም ቻለ። እንሰት የሙዝ ዘመድ ነው፣ ግን መቁረጡ ብቻ አይበቃም፣ ከተቆረጠው ሴል ሙሉ ተክል ማብቀል አለ፣ እሱን በወረቀት ማሳየት አልቻልኩም።