የእንግሊዝ ቢተር በአንድ ድስትና በአንድ ከረጢት

ቢተር የተባለው የእንግሊዝ ቢራ ስሙ «መራራ» ቢሆንም አትፍሩት፣ ያን ያህል አይመርም። ለ20 ሊትር 3.6 ኪሎ የተከካ ማሪስ ኦተር (የእንግሊዝ የገብስ ዝርያ) ብቅልና 250 ግራም ክሪስታል ብቅል (ቀለምና ጣፋጭነት የሚሰጥ) ይበቃል። 28 ሊትር ውኃ እስከ 70 ዲግሪ አሙቁ፣ የወንፊት ጨርቅ ከረጢቱን ድስቱ ውስጥ ዘርጉና ብቅሉን እያማሰላችሁ ጨምሩ። እሳቱን አጥፉ፤ ሙቀቱ 67 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ሰዓት እንዲቆይ ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ዋናው ቁም ነገር ይሄ ነው። ከዚያ ከረጢቱን አንጠልጥላችሁ አንጠፍጥፉ፤ አይጨመቅም የሚሉ አሉ፣ እኔ ግን እጨምቃለሁ። ፈሳሹን 60 ደቂቃ አፍሉ፦ ሲጀምር 40 ግራም፣ ሲያበቃ 20 ግራም ጎልዲንግስ ሆፕስ (መራራነትና መዓዛ የሚሰጥ አበባ) ጨምሩ። ቶሎ አቀዝቅዙና በደንብ በጸዳ ዕቃ ውስጥ ከእንግሊዝ ኤል እርሾ (የቢራ እርሾ ዓይነት) ጋር በ19 ዲግሪ ሁለት ሳምንት ተዉት። ወደ ጠርሙስ ስትገለብጡ ጋዝ እንዲፈጥር የሚጨመረውን ስኳር አታብዙ፤ ቢተር ጋዙ ትንሽ ነው።