በሌሊት የምታብበዋን ቁልቋል በቡራዩ ብርድ ማሳደግ

"ቁልቋል አይደለች እንዴ፣ ምን እንክብካቤ ትፈልጋለች?" ይሉኛል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የሌሊት ንግሥት የምንላት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ኤፒፊለም ኦክሲፔታለም፣ በረሃ አታውቅም። አገሯ ከደቡብ ሜክሲኮ እስከ ጓቲማላና ከዚያም ወዲያ ያለው እርጥብ ደን ነው። እዚያ ዛፍ ላይ ወጥታ፣ ቅርንጫፍ መሐል በተጠራቀመ የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ሥሯን ሰድዳ ትኖራለች። ዛፉን ትደገፈዋለች እንጂ አትመጠውም። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ቀላል ነው፦ ሥሯ አየር ይፈልጋል፣ ግንዷ ጥላ ይወዳል፣ ብርድ ደግሞ ጠላቷ ነው።

የምኖረው ቡራዩ ነው፣ ከአሸዋ ሜዳ አለፍ ብሎ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ማሽኔ በረንዳ ላይ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዐይኔ ከተክሎቹ አይርቅም፤ የሠርግ ሰሞን ደግሞ ሌሊቱንም አብሬያቸው ነኝ። ስለዚህ ይህ ምክር ለብርዳማ ሰፈር ነው፤ ለቡራዩ፣ ለሱሉልታ፣ ለለገጣፎ፣ ለሰንዳፋ። አዳማ ያላችሁ ስለ ብርድ ያልኩትን ዝለሉት።

ስትገዙ በስሟ አትመኑ፣ ራሷን እዩ። ቅጠል የሚመስለው ጠፍጣፋ ግንድ ነው። ጠርዙ ሞገድ የሠራ ነው፣ መሐሉን ወፈር ያለ ጅማት ያቋርጠዋል፣ የሚወጋ እሾህ የለውም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ካፈሰሰ ሌላ ነገር ነው የሸጡላችሁ። አጥር ላይ የምናውቀው ያገራችን ቁልቋል ወተቱ ዐይን ያቃጥላል፣ በዘርም ከዚህች ጋር አይገናኝም። መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ ሰዎች ጋ አልፎ አልፎ ትገኛለች፤ ዋጋዋ ግን እንደ ገዢው አለባበስ ነው። የሚሻለው ካለው ሰው ቁራጭ መለመን ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድ "በሻንጣ ላምጣልሽ" ካለ ይቅርብኝ በሉት። ሳይትስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ቁልቋሎችን ሁሉንም ማለት ይቻላል ይቆጣጠራል። ያለ ወረቀት ከመጣች አየር ማረፊያ ላይ ትቀራለች።

ቁራጩ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ንጹሕ ቢላ ተጠቀሙ። ከዚያ ጥላ ቦታ፣ ጋዜጣ ላይ አስተኙትና አንድ ሳምንት ያህል ተዉት። የተቆረጠው ቦታ ሲነካ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥቡን መትከል መበስበስን መጥራት ነው። ሲደርቅ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቅበሩት፣ በእንጨት ደግፉት፣ ለጥቂት ቀናትም ውሃ አትስጡት። የምመርጠው ወር ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ሙቀት አለ፣ ዋናው ዝናብም ገና ነው። ነሐሴ ላይ ማንም ቁራጭ ቢሰጣችሁ ከመትከላችሁ በፊት በደንብ አድርቁት፣ ቤት ውስጥም አቆዩት።

አሁን አፈር። በጆንያ የሚሸጠውን ጥቁር አፈር ብቻውን አትጠቀሙ። ዋልካማ፦ ጨርሶ አይሞከርም፤ ገላንና ቦሌ አራብሳ ያላችሁ፣ ለእናንተ ነው። የእኔ ቅልቅል ሁለት እጅ ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ሁለት እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ የከሰል ስብርባሪ ነው። ሬድ አሽ ግንባታ ባለበት ሰፈር አይጠፋም። ዘበኛውን ሰላም ብላችሁ አንድ ፌስታል ብትለምኑ የሚከለክላችሁ የለም። አምጥታችሁ በወንፊት ንፉት። ዱቄቱን ጣሉት፣ ሽምብራ ሽምብራ የሚያህለውን አስቀሩ። ዱቄቱ ከገባ ከውሃ ጋር ጭቃ ሆኖ ሥሩን ያፍነዋል። ከሰሉ ጆንያ ሥር የሚቀረው ጥቁሩ ስብርባሪ ይሁን። አመድ ግን አደራ፣ የአፈሩን አሲድነት ያጠፋል፣ እሷ ደግሞ ትንሽ አሲዳማ አፈር ነው የምትወደው። ቅልቅሉን አርጥባችሁ ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ከተፈረፈረ ሆኗል። ተጣብቆ ከቀረ ጠጠር ጨምሩበት።

መትከያው ጠበብ ያለ ይሁን። ሰፊ ነገር ውስጥ ከገባች አፈሩ ቶሎ አይደርቅም፤ ጉልበቷንም ሥር ላይ ታጠፋለች። ጠበብ ሲላት ነው የምታብበው። ላደገች ተክል አፉ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሸክላ ወይም የቀለም ባልዲ ይበቃል። ባልዲውን ታቹን በጋለ ምስማር ደጋግማችሁ ብሱት። ከባልዲው ሥር የውሃ ማጠራቀሚያ ሳህን ካደረጋችሁ፣ ካጠጣችሁ በኋላ የተጠራቀመውን ውሃ ድፉት።

የቦታ ነገር ቁምነገር አለው። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ፀሐይ ጥሩ ነው። ከዚያ በኋላ ጥላ። በዚህ ከፍታ ላይ የቀትር ፀሐይ ጨካኝ ነው፤ ግንዱ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ይገረጣል፣ መጨረሻ ላይ ቡኒ ሆኖ ይደርቃል። ጨለማ ክፍል ከገባች ደግሞ ቀጭን ቀጭን እየሆነች ወደ መስኮት ትሳባለች፣ አበባም የለም። ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ያለው ሰው ሌላ ቦታ አይፈልግ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ የውጭ አምፖል ሥር አታስቀምጧት። አበባዋ የሚከፈተው ጨለማውን አይታ ነው።

ውሃ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ እሷ ግን ለዚህ ግድ የላትም። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉአት። ከደረቀ ከታች እስኪወርድ አጠጡ። በበጋ ይህ በሳምንት አንዴ አካባቢ ይሆናል፤ ቤታችሁ ግን ከቤቴ ሊለይ ስለሚችል ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ጣታችሁን እመኑ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በበርሜል ብታጠራቅሙ በጣም ትወደዋለች።

ጎረቤቴ እማማ የጀበናውን አተላ ይዘው ይመጣሉ። "ድፊባት ልጄ፣ ቡና የማይወድ የለም" ይላሉ። አመሰግናቸዋለሁ፣ አተላውንም ብስባሽ ጉድጓዴ ውስጥ እጨምረዋለሁ። በቀጥታ አፈር ላይ ከፈሰሰ ደርቆ ይጋገራል፣ ይሻግታል፣ ትንንሽ ዝንብም ይጠራል። ማዳበሪያን በተመለከተ፣ ዩሪያ የተረፈው ዘመድ ካላችሁ አትቀበሉት። ናይትሮጅን ሲበዛ ግንዱ ይፋፋል፣ አበባው ይቀራል። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ክረምቱ መግቢያ በወር አንዴ፣ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ የተዘፈዘፈና ቀለሙ ሻይ እስኪመስል የቀጠነ ውሃ በቂዋ ነው።

ክረምት ላይ ከሰማይ የሚመጣው ውሃ ይበቃታል፣ እንዲያውም ይበዛባታል። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ጣሪያ ሥር አስገቧት። ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ በረዶ የመታው ግንድ ጠባሳው አይጠፋም። ቀንድ አውጣም የክረምት እንግዳ ነው፣ ለጋ እምቡጥ ሲያገኝ ሌላ ነገር አይቀምስም። ማታ በባትሪ ፈልጋችሁ ልቀሙት።

ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ሌላ ጨዋታ ነው። ከገፈርሳ በኩል የሚመጣው ብርድ ሌሊት ላይ ቀልድ አያውቅም። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ እድገቷ ይቆማል፣ ወደ 5 ሲጠጋ አደጋ ላይ ናት፣ ውርጭ ካገኛት ግንዱ ውሃ ቋጥሮ ይልፈሰፈሳል። መሬት ላይ ካለች ወደ ላይ አውጧት፣ ቀዝቃዛ አየር ታች ነው የሚተኛው። ከግድግዳ ጋር አስጠጓት፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት ከላይ ጣሪያ ወይም ጨርቅ ይኑራት። እኔ የሸማ ጨርቅ ትርፍራፊ እደርብባታለሁ፤ ፕላስቲክ ግን ግንዱን ከነካ ላቡ ያበሰብሳታል። በዚህ ወቅት ውሃዋን ቀንሱ፣ ካጠጣችሁም ጠዋት ይሁን። ይህ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ እረፍት ይጠቅማታል። ዓመቱን ሙሉ በውሃና በማዳበሪያ የምትንበሸበሽ ተክል አበባ ለማውጣት አትቸኩልም።

ስታድግ ቅጥ የላትም። መጀመሪያ ድቡልቡል ዘንግ ሽቅብ ትልካለች፤ አንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ጠፍጣፋዎቹ ከእሱ ላይ ነው የሚወጡት። ስለዚህ "ይህ እንጨት ምን ይሠራል" ብላችሁ ዘንጉን እንዳትቆርጡ። ድጋፍ አቁሙላትና እሰሯት። በሽቦ አይሆንም፣ በሲባጎም ይቆርጣታል። የቲሸርት ጨርቅ ምርጥ ነው፣ ምክንያቱም ይለጠጣል። ጣት በሚያህል ስፋት ቅደዱት፣ መጀመሪያ እንጨቱን አጥብቃችሁ ዙሩት፣ መሐል ላይ አጣምሩት፣ ከዚያ ግንዱን ላላ አድርጋችሁ እቀፉት። ከላይ ሲታይ የ8 ቁጥር ቅርጽ ይሠራል። ግንዱና እንጨቱ አይፋተጉም።

ከቁራጭ የተነሣች ተክል ለአበባ እስክትደርስ ሁለት ሦስት ዓመት ልትወስድ ትችላለች። እምቡጥ የሚወጣው ከጠፍጣፋው ጠርዝ፣ ሞገዱ ገባ ካለበት ነጥብ ላይ ነው። መጀመሪያ የመርፌ ራስ የምታክል ቀላ ያለች ነገር ትታያለች። አትቸኩሉ፣ አዲስ ግንድም እንዲሁ ነው የሚጀምረው። በሳምንት ውስጥ ጠፍጠፍ ካለች ግንድ ናት። ከደበለበለችና ትንንሽ ቅርፊት ከደረበች እምቡጥ ናት። ከዚያ በኋላ መትከያውን አታዙሩ፣ ቦታም አትቀይሩ፣ አፈሩም ደረቅ ብሎ አይቆይ። እምቡጥ የሚያረግፉት እነዚህና ድንገተኛ ብርድ ናቸው። በሦስት አራት ሳምንት ውስጥ ቱቦዋ እየረዘመ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ ሊከፈት ሲቃረብ ጫፉ ቀና ይላል። የዕለቱ ዕለት ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ እዩአት። እምቡጡ አብጦ፣ በውጭ በኩል ያሉት ቀጫጭኖቹ ሮዝ ቅጠሎች ላላ ካሉ ዛሬ ማታ ነው። ጎረቤት መጥራት ትችላላችሁ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት አካባቢ መከፈት ትጀምራለች፣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሙሉ በሙሉ ትፈካለች። ከነቱቦዋ 30 ሳንቲ ሜትር ልትደርስ ትችላለች። ሽታዋ ግቢውን ይሞላዋል፤ ነጭ ቀለሟና ይህ ሽታ በአገሯ የሚጠሩት ትልልቅ የእሳት እራቶችን ነው። ፎቶ የምታነሡ በ4 ሰዓት አንሡ፣ "ቡናው ይድረስ፣ ከዚያ" ያለ ሰው ይቆጨዋል። ሲነጋ አንገቷን ደፍታለች። መብራት ቢጠፋ አይክፋችሁ፣ እሷ እንደሆነ አትፈልገውም።

ግንድ መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 70 በመቶ አልኮል ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ በየሳምንቱም ድገሙት። አረቄ ይሠራ እንደሆን የሚጠይቁኝ አሉ። ደካማ ነው፣ ለእንግዳ አስቀምጡት።

አበባው ሲጠወልግ ቱቦውን ብቻ ቁረጡት። ያበበውን ግንድ አትንኩ፣ ሌሎቹ ነጥቦች ገና አልሠሩም። የሚቆረጠው የጠወለገ፣ የተጨማደደ ወይም መንገድ የዘጋ ነው። ከእሱ የተረፈውን ጤነኛ ቁራጭ ለሰው ስትሰጡ ታችኛውን ጫፍ በቀይ ክር እሰሩለት። ጠፍጣፋው ግንድ ከሁለቱም በኩል አንድ ስለሚመስል ብዙ ሰው ገልብጦ ይተክለዋል። ክር ያለበት አፈር ውስጥ ይገባል በሏቸው።