ጎብኚው ለምን ሳይጨርስ ወጣ? የሙዚየም ተደራሽነት ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሙዚየም ውስጥ ተቸግሮ አቤት የሚል ጎብኚ ጥቂት ነው። አብዛኛው ዝም ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ሰው ምን እንደሚያደርግ ማየት ይበጃል። ዕቃ ለመግዛት ከመሮጥ በፊት መንስኤውን መለየት ይቀድማል።

ራምፕ አለ፣ በዊልቸር የመጣው ሰው ግን ብቻውን አይገባም

መጀመሪያ የራምፑን፣ ማለትም በደረጃ ፈንታ የተሠራውን ተዳፋት መውጫ፣ ዳገት ለኩ። ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ራምፕ ዳገቱ በዝቶ ይሠራል። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ 1 ለ 12 ነው። 50 ሴንቲሜትር ከፍታ ለመውጣት 6 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል ማለት ነው። ከዚህ ካጠረ ገፊ የግድ ይላል፣ ቁልቁለቱም ያስፈራል። ቦታ ከጠበበ ራምፑን አጥፋችሁ መታጠፊያው ላይ ደልዳላ ማረፊያ ሥሩለት።

ልኩ ትክክል ከሆነ በሩን እዩ። ባለሁለት ክንፍ በር ሆኖ አንዱ ክንፍ ሁሌ የተቀረቀረ ሊሆን ይችላል። ወይም ራምፑ ጓሮ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ምሳ የወጣ ጥበቃ ኪስ ውስጥ። ለዚህ መሐንዲስ አያስፈልግም።

ሰዎች መግለጫ ጽሑፉን በስልክ አንስተው ያጎሉታል

ይህ ምልክት ወርቅ ነው። ጽሑፉ አይነበብም እያሉ ነው። የፊደሉ ማነስ አንድ ምክንያት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የብርሃን ነው።

የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች ብርሃን የሚቀንሱት በምክንያት ነው። ጨርቃ ጨርቅ፣ ብራና የመሰለ ጽሑፍና የውኃ ቀለም ሥዕል ብርሃን ይጎዳቸዋል። ለእነሱ የተለመደው ጣሪያ 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው፤ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 አካባቢ። ግን መግለጫው ቅርስ አይደለም! ለምን አብሮ ይጨልማል? ቅርሱ ከተቀመጠበት የመስታወት ሳጥን አውጡትና ቅርሱ ላይ የማያርፍ የራሱን ትንሽ መብራት ስጡት። መብራቱን ከጎብኚው ጀርባ አታድርጉ፤ የራሱ ጥላ ፊደሉን ይሸፍንበታል። መስታወት ላይ በነጭ የተጻፈ ጽሑፍማ፣ ለእኔ ባይኖር ይሻላል።

ሌላው፣ ከደማቅ አዳራሽ በቀጥታ ወደ ጨለም ያለ ክፍል የገባ ሰው ዓይኑ እስኪለምድ ደቂቃዎች ይፈጅበታል፤ ዕድሜው ሲገፋ ደግሞ ይብስበታል። መብራቱ ከክፍል ክፍል ቀስ እያለ ይቀንስ። በጀት ከሌለስ? ጽሑፎቹን በትልልቅ ፊደል አትማችሁ በየክፍሉ መግቢያ አስቀምጡ። ከዚህ የሚረክስ መፍትሄ አላውቅም።

የሚታየው የሳጥኑ ጠርዝ ብቻ ነው

ሳጥኑ የተለካው ቆሞ በሚያይ አዋቂ ነው። ተቀምጦ ለሚያይ ሰውና ለልጅ ትንንሽ ዕቃዎች ከ1 ሜትር ብዙም ባይበልጡ፣ መደገፊያቸውም ወደ ተመልካቹ ቢያዘነብል ጥሩ ነው። ወንበር ይዛችሁ ዙሩና ከየሳጥኑ ፊት ተቀመጡ፤ ሥራው ራሱን ይነግራችኋል።

ዓይነ ስውር ጎብኚ አንዴ መጥቶ አይመለስም

ምን ያድርግ፣ የሚነካ ነገር የለ። ግድግዳ ላይ ብሬይል (በጣት የሚነበብ ነጠብጣብ ጽሑፍ) መለጠፍ ብቻውን አይፈታውም። የት እንዳለ ማን ያሳየዋል? በዚያ ላይ ዘግይተው ዓይናቸውን ያጡ ብዙዎች ብሬይል አያነቡም። የሚዳሰስ የቅርሱ ቅጂ ይሠራ። የማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም በ2015 ታዋቂ ሥዕሎቹን በእጅ እንዲዳሰሱ አድርጎ ከፍና ዝቅ ባለ ገጽ ቀርጾ አቅርቧል። ጣሊያን አንኮና ያለው የኦሜሮ ሙዚየም ደግሞ ከነጭራሹ ለመዳሰስ የተቋቋመ ነው።

አስጎብኚውም «በጣም ያምራል» ማለቱን ትቶ መጠኑን፣ የተሠራበትን፣ የቆመበትን አኳኋን ይንገር። ቅጂውን ከማሠራታችሁ በፊት ዓይነ ስውራን ይሞክሩት፤ ለድካማቸውም ይከፈላቸው።

መስማት የተሳነው ጎብኚ ከቡድኑ ይነጠላል

አስጎብኚው ፊቱን ወደ ቅርሱ አዙሮ ነው የሚያወራው። ከንፈር አይቶ የሚረዳ ሰው በዚያው ቀረ። ዞር ብሎ ይናገር፣ ቪዲዮዎቹ የግርጌ ጽሑፍ ይኑራቸው። የምልክት ቋንቋ ግን ራሱን የቻለ ቋንቋ ነውና በጽሑፍ አይተካም፤ አስተርጓሚ ወይም በምልክት የተቀረጸ ቪዲዮ ይፈልጋል። የድምፅ ሉፕ፣ ማለትም ድምፅን በቀጥታ ወደ ጎብኚው የመስሚያ መሣሪያ የሚልክ ሽቦ፣ ተገጥሞ ከሆነ ጠዋት ጠዋት መሥራቱን አረጋግጡ። ተገዝቶ ጠፍቶ የሚውል ብዙ ነው።

ልጁ ጆሮውን ይዟል፣ አያቱ ግድግዳ ተደግፈዋል

የሁለት ስክሪን ድምፅ ተደበላልቆ ይሆናል። ቀንሱት፣ ጫጫታ ያለባቸውን ክፍሎች በካርታ አሳዩ፣ ጸጥ ያለ ሰዓትም መድቡ። ለአያትየው መደገፊያና የእጅ ማረፊያ ያለው ወንበር ይቅረብ።

ሁሉም ተስተካክሏል፣ ሰው ግን አይመጣም

ሰው መምጣት አለመምጣቱን የሚወስነው ቤቱ ሆኖ ነው። «ለሁሉም ክፍት ነን» የሚለው ምንም አይነግረውም። «መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃ አለ፣ ራምፑ በስተቀኝ ነው፣ ሰፊው መጸዳጃ ምድር ቤት ይገኛል» በሉት፤ የበሩንም ፎቶ ጨምሩ። ሊፍት ከተበላሸ በዚያው ቀን ይጻፍ፣ ሲጠገንም እንዲሁ።